የኮሪያ ብርድ፣ የወሎ ውርጭና እምቢ ያለ ጠመንጃ

ከደሴ የመጣው ጥያቄ ባጭሩ ይኸው፦ «አያቴ ከቃኘው ሻለቃ ጋር ኮሪያ ዘምተዋል። ነፍሳቸውን ይማርና፣ ‹ብርዱ ሲጠና ጠመንጃችን እምቢ አለን፤ ዘይቱን ጠርገን በደረቁ ስንይዘው ነው የታዘዘን› ይሉን ነበር። አጎቴ ደግሞ ወሎ ደጋ ላይ ዓመታት ሙሉ ክላሽ ይዞ ጥበቃ ቆሟል፤ ‹ዘይት የሌለው ጠመንጃ የዝገት ሲሳይ ነው፤ ብርድ ክላሽ አያስቆምም› ባይ ነው። አያቴ ካረፉም በኋላ ክርክሩን አልተወም። ማንኛቸው ናቸው ልክ? ደግሞስ ዘይት የሚቀባው ጠመንጃው እንዲላወስ አይደል፤ እንዴት ተመልሶ ያስቆመዋል?»

ወንድሜ፣ አያትህም አጎትህም ያዩትን ነው የተናገሩት፤ ያዩት ብርድ ግን አንድ ዓይነት አልነበረም። አያትህን የገጠማቸው ከዜሮ በታች 20 ዲግሪና ከዚያም በታች የሚወርድ፣ አንዴ ከገባ ለሳምንታት የማይለቅ ብርድ ነው። አጎትህ የሚያውቀው የኛን ውርጭ ነው። ሌሊት ከዜሮ ጥቂት ዲግሪ ዝቅ ብሎ ሣሩን አመዳይ ያለብሰዋል፤ ረፋድ ላይ ፀሐይ ስትበረታ ሁሉም ቀልጦ ውሃ ይሆናል። በኮሪያው ብርድ ጠመንጃን በዋናነት የሚያስቆመው የተቀባው ዘይት ነው። በኛ ውርጭ ደግሞ ውሃ ነው። ብረቱ ራሱ በሁለቱም ቦታ ያን ያህል ጥፋት የለበትም።

እኔ በሠራዊቱ ውስጥ የመሣሪያ ጥገና ባለሙያ ነበርኩ። ከአገልግሎት ዘመኔ ሰፊውን ያሳለፍኩት ደቡብ ወሎ ደጋ ላይ ስለሆነ፣ በጠዋት «ጠመንጃዬ ነከሰብኝ፤ አልሠራ አለኝ» እያለ የሚመጣ ወታደር ማስተናገድ የዘወትር ሥራዬ ነበር። ስለ ኮሪያው የምነግርህ ግን በጊዜው ከተመዘገበውና ከዘመቱት አባቶች ከሰማሁት ነው።

መጀመሪያ ጠመንጃው ራሱን የሚያንቀሳቅስበትን ጉልበት ከየት እንደሚያገኝ እንይ፤ ነገሩ ሁሉ የሚፈታው እዚያ ነው። በእጅ እየተቀባበለ የሚተኮሰው ምንሽር ጉልበቱን የሚያገኘው ከተኳሹ ክንድ ነው። ዘይቱ ቢረጋበትም ሰውየው ጠንከር አድርጎ ይስበዋል፣ ይገፋዋል፣ ይተኩሳል። ራሱን በራሱ የሚያጎርስ ጠመንጃ ግን ይህ ክንድ የለውም። ጥይቱ በበርሜሉ ውስጥ ሲሄድ ከኋላው ከሚገፋው የባሩድ ጋዝ ጥቂቱ በርሜሉ ላይ በተበሳች ቀዳዳ ይሾልክና ፒስተኑን ይመታል። ፒስተኑ መዝጊያውን ወደ ኋላ ይወረውረዋል። መዝጊያው በዚህ ጉዞው ባዶውን ቀለሃ ነቅሎ ይጥላል፣ መዶሻውን ያስተኛል፣ ሞላውንም ይጨምቃል። ተመልሶ ወደ ፊት ሲመጣ የሚገፋው ያ የተጨመቀ ሞላ ብቻ ነው። በዚያችው ግፊት አዲስ ጥይት ከካዝናው ያነሳል፣ ያጎርሳል፣ ይቆልፋል።

እንግዲህ ወደ ኋላ የሚወስደው ባሩድ ነው፤ ወደ ፊት የሚመልሰው ሞላ ነው። ባሩዱ ሲቀዘቅዝ ግፊቱ ትንሽ ይቀንሳል፤ ሞላው ደግሞ ከመጀመሪያውም ትርፍ ጉልበት የለውም። በዚህ መካከል መንገዱ ላይ የሚይዝ ነገር ካገኘ መዝጊያው ሥራውን ሳይጨርስ ይቆማል።

የሚይዘው ነገር ምን እንደሚመስል በእጄ የገባ አንድ ክላሽ ላሳይህ። ወሩ ታኅሣሥ ነው፤ ጉጉፍቱ አካባቢ ሌሊቱን አመዳይ ጥሎ አድሯል። የጠመንጃው ባለቤት ሰነፍ ወታደር አልነበረም። እንዲያውም ዝገትን ፈርቶ ከመኪና ክፍል ባገኘው ወፍራም ግሪስ ጠመንጃውን አጥግቦት ነበር። ካዝናውን አወጣሁ፤ የጥይት መጉረሻው ባዶ መሆኑን ዓይቼ በጣቴም ዳስሼ አረጋገጥኩ። ከዚያ መቀባበያውን እስከ መጨረሻው ስቤ ለቀቅኩት። ጤነኛ ክላሽ ሲለቀቅ በአንድ ጠንካራ ድምፅ ይዘጋል። ይኼኛው እየተንፏቀቀ ሄዶ ሊቆለፍ የጣት ውፍረት ሲቀረው ቀጥ አለ። ቃታውን ብስብ ድምፅ የለም፤ ክላሽ ሲሠራ መዝጊያው እስኪቆለፍ ድረስ መዶሻው እንዳይለቀቅ ተደርጎ ነውና። በመዳፌ ገፋ ሳደርገው ገባ። ክዳኑን ከፍቼ ሳየው መዝጊያው የሚመላለስበት ሐዲድ ላይ ግሪሱ ቡናማ ሆኖ ተጋግሯል፤ አቧራውና የባሩዱ ጥላሸት ተለውሶበት በጥፍር የሚፋቅ ነበር። ሐዲዱን፣ መዝጊያውንና የቃታውን ክፍል በላምባ አጥቤ፣ አድርቄ፣ ቀጭን ዘይት ቀብቼ፣ እሱንም መልሼ በንጹሕ ጨርቅ ጠረግኩት። እዚያው ውርጭ ላይ አቀባበልኩት፤ በአንድ ድምፅ ዘጋ።

ቀን ላይ የሚፈስ ቅቤ ደጋ ላይ ጠዋት በማንኪያ የሚዛቅ መሆኑን እናቶቻችን ያውቁታል። ከነዳጅ የሚወጣ ዘይትና ግሪስም ፀባዩ እንዲያ ነው። እየቀዘቀዘ ሲሄድ ይወፍራል፣ በውስጡ ያለው ሰም መሰል ነገር መርጋት ይጀምራል፤ ከአንድ ደረጃ በኋላ መፍሰሱን ያቆማል። ሁለት ብረቶች እንዲንሸራተቱ የተቀባው ነገር ያን ጊዜ ሁለቱን አጣብቆ ይይዛል። የጥያቄህ ሁለተኛ ክፍል መልስ ይህ ነው።

ወደ አያትህ ልመለስ። ቃኘው ሻለቃ ስሙን የወሰደው ከራስ መኮንን የጦር ፈረስ ነው። ከክብር ዘበኛ ተውጣጥቶ የመጀመሪያው ዙር በ1943 ዓ.ም. በጅቡቲ በኩል በመርከብ ተሻገረ፤ በአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ሥር ከ32ኛው ሬጅመንት ጋር ተሰለፈ። የያዘውም የአሜሪካን መሣሪያ ነበር። ዙሩ በየዓመቱ ስለሚተካ እያንዳንዱ ሻለቃ አንድ አንድ የኮሪያ ብርድ አይቷል። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ማለት ነው። ከወሎ፣ ከመንዝ፣ ከጎጃም ደጋ የሄደ ሰው ብርድ አዲሱ አልነበረም። አዲስ የነበረው ቀን የማያሟሟው ብርድ ነው። እኛ አገር እኩለ ቀን ላይ ካቦርት የሚያስወልቅ ፀሐይ አለ፤ እዚያ ምሽግ ውስጥ ሌሊት የረጋ ዘይት ቀንም ረግቶ ይውላል።

የኛዎቹ ከመድረሳቸው በፊት በነበረው ብርድ፣ በፈረንጆች 1950 ኅዳርና ታኅሣሥ፣ አሜሪካኖቹ ቾሲን በሚባለው ሐይቅ ዙሪያ ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ ገደማ በሚደርስ ቅዝቃዜ ተዋግተው ነበር። ስለ ጠመንጃ ባሕርይ ከዚያ ብዙ ትምህርት ተገኝቷል። ካርባይን የሚባለው ትንሹ ጠመንጃ በብርዱ ፈዘዘ፤ መዝጊያው እየተጎተተ ጥይት አላጎርስ አለ፤ ብዙ ወታደሮችም አማረሩበት። ኤም ዋን ጋራንድ የሚባለው ትልቁ ጠመንጃ ግን ባመዛኙ ታማኝ ሆኖ ወጣ። ሁለቱም የተሠሩት በአንድ አገር ነው፤ የተቀቡትም ተመሳሳይ ዘይት ነው። ታዲያ ልዩነቱ ከየት መጣ?

ከጥይቱ ነው። የጋራንዱ ጥይት ከ3 ግራም በላይ ባሩድ ይይዛል፤ የካርባይኑ 1 ግራም ገደማ ነው። ካርባይኑ የተሠራው ለሹፌሩ፣ ለመገናኛ ሠራተኛውና ለመኮንኑ እንዲቀል ተብሎ ነው፤ ክፍሎቹም ቀላል፣ ሞላውም ለስላሳ ነው። በሞቃት አገር ይህ ሁሉ ጸጋ ነበር። ዘይቱ ሲረጋ ግን ያንን ጥሶ የሚሄድበት ትርፍ ጉልበት የለውም። ጋራንዱ ከባድ ነው፤ ባዶውን 4 ኪሎ ከግማሽ ትንሽ ይጎድለዋል። መዝጊያውን የሚወረውረው ዘንግ ረጅምና ባለ ጉልበት ስለሆነ ወፍራም ዘይትን እየሰነጠቀ ያልፋል። እንደዚያም ሆኖ ጋራንድ የሚቀባው ከዘይት ይልቅ ግሪስ ነበር፤ በሰደፉ ውስጥ ባለችው ጎሬ ትንሽ የግሪስ ዕቃ ትቀመጥለት ነበር። ያ ግሪስ ለዝናብና ለጭቃ የተመረጠ ነው። በጽኑ ብርድ ያንን ጠርጎ በጣም ቀጭን ዘይት መተካት ወይም ጭራሹን ማድረቅ ግድ ነበር። አያትህ «ዘይቱን ጠርገን» ያሉት ይህን ነው፤ ቃል በቃል እውነታቸውን ነው።

ብልሃቱን የጀመሩት የኮሪያ ዘማቾች አልነበሩም። ፊንላንዶች በፈረንጆች 1939 እና 1940 ከሶቭየት ጋር በበረዶ ላይ ሲዋጉ ከጠመንጃቸው ቅባቱን አስቀድመው አጥበው አውጥተው ነበር። በፈረንጆች 1941 መጨረሻ ሞስኮ ደጃፍ የደረሰው የጀርመን ጦር ግን ለአውሮፓ መኸር የሚሆን ዘይት ተቀብቶ ነበርና መትረየሱም ጠመንጃውም ደረቀበት። ወታደሩ እሳት እያነደደ መሣሪያ ሲያሟሙቅ፣ ዘይቱን በነዳጅ ሲያቀጥን ከረመ። ዛሬም መመሪያው ከዚህ ብዙ አይርቅም። የአሜሪካ ጦር ለኤም 16 ጠመንጃ፣ ብርዱ ከዜሮ በታች 23 ዲግሪ ገደማ ሲያልፍ የተለመደው ዘይት ሁሉ ወጥቶ ለዋልታ ብርድ የተዘጋጀው ዘይት ብቻ እንዲቀባ ያዛል።

ለኛ ይበልጥ የሚጠቅመን ግን የክላሹ መመሪያ ነው። ሶቭየቶች ለክላሽ ሁለት ዓይነት ቅባት ለይተው ነበር። ወፍራሙ ከዜሮ በላይ 5 ዲግሪና ከዚያ በላይ ለሆነ አየር ነው። ቀጭኑ ፈሳሽ ዘይት ከ50 ዲግሪ ሙቀት እስከ 50 ዲግሪ ብርድ ያገለግላል። ይህን ከአገራችን ጋር አስተያየው። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ወፍራሙ ቅባት ቢቀባም ችግር የለም። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ሆና በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ከ5 ዲግሪ በታች መውረዷን የጦሳ ተራራ ጥግ ሰው ይነግርሃል። ለጋምቦ፣ ደላንታ፣ ወደ 4,000 ሜትር የሚጠጋው አምባ ፈሪት፣ ከ4,200 ሜትር በላይ የሆነው አቡነ ዮሴፍ ደግሞ በጋውን ሙሉ ሌሊቱ ከዚያ በታች ነው። ስለዚህ ደጋችን ላይ ወፍራም ቅባት መጀመሪያውኑ ቦታው አይደለም። «ወሎ እንደ ሳይቤሪያ አይበርድም፣ ግሪስ ምን ያደርጋል» የሚለውን አስተያየት በዚህ ምክንያት አልቀበለውም። የጉጉፍቱው ክላሽ የቆመው ለሳይቤሪያ በማይበቃ ብርድ ነው።

አጎትህ ልክ የሚሆንበት ደግሞ አለ። አያትህ በደረቁ ያሉት ለኮሪያ ነው። እዚህ ሙሉ በሙሉ የደረቀ ጠመንጃ በአንድ የበልግ ሳምንት ቀይ ዝገት ያወጣል። የክላሽ በርሜል ውስጡ ክሮም ስለተለበጠ ይቋቋማል፤ የቃታው ክፍል፣ ሞላውና የካዝናው ውስጥ ግን እንዲያ የሚጋርዳቸው የለም። ስለዚህ ለደጋችን የሚሆነው መካከለኛው ነው። ቀጭን ዘይት ይቀባል፤ ከዚያ በንጹሕ ጨርቅ ይጠረጋል፤ ጠርገኸው የሚቀረው በዓይን የማይታይ ስስ ሽፋን ይበቃዋል። በጣትህ ዳስሰህ ዘይቱ ጣትህ ላይ ከቀረ በዝቷል።

አሁን ወደ ውሃው። የወሎ ደጋ ወታደር በብርድ ተቸገርኩ ሲል እኔ አስቀድሜ የምጠይቀው ጠመንጃው የት እንዳደረ ነው። ሁኔታው ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው። ተረኛው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ድረስ ውርጭ ላይ ቆሞ ይመለሳል። ጎጆው ውስጥ እሳት አለ፣ ጀበና ተጥዷል፣ ሰው ተቃቅፎ ተኝቶ ይተነፍሳል። ጠመንጃውን እንደ ራሱ አዝኖለት ከእሳቱ አጠገብ ያስደግፈዋል። ብረቱ እንደ ውጭው ቀዝቃዛ ነው፤ የጎጆው አየር ሞቃትና እርጥብ ነው። ወዲያው ብረቱ ማላብ ይጀምራል። ላቡ በውጭ ብቻ ቢሆን በጨርቅ ይጠረግ ነበር። ችግሩ በቃታው ክፍል፣ የጥይቱን ቂጥ በሚወጋው መርፌ ቀዳዳ፣ በካዝናው ከንፈር፣ በየጥይቱ ወገብ ላይ ሁሉ ጠብታ መቋጠሩ ነው። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ለማንቂያ ይወጣል። ከዜሮ በታች ባለ ብርድ ያ ጠብታ ይረጋል። የመርፌው ቀዳዳ ጠባብ ስለሆነ ስስ በረዶ ይበቃዋል፤ መዶሻው ይመታል፣ መርፌው ግን አይወጣም ወይም ደክሞ ይወጣል። ከጥይቱ ቂጥ ላይ ጥልቀት የሌለው ጭረት ታያለህ፤ ጥይቱ ግን አልተኮሰም። ወታደሩ «ጥይቱ ረጥቦ ነው» ይላል። ጥይቱ ጤነኛ ነው። ከካዝናው አውጥቼ በሌላ ጠመንጃ ብተኩሰው ይተኮሳል።

ይህ «ባሩዱ ረጥቦ ነው» የሚለው አባባል የቆየ ዘመን ትዝታ ይመስለኛል። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ሥር አሮጌ ላይ የአፄ ቴዎድሮስ ሠራዊት የያዘው ባብዛኛው ባሩዱና እርሳሱ በአፈሙዝ የሚጨመር ጠመንጃ ነበር። እንግሊዞቹ የያዙት ስናይደር ደግሞ ጥይቱ በናስ የታሸገ ሆኖ ከኋላ የሚጎርስ ነው። ባሩድ በቀንድ ይዞ ለሚዞር ሰው ጤዛም ሞት ነበር። የታሸገ ጥይት ከመጣ ወዲህ ግን እርጥበት ባሩዱን ትቶ ወደሚላወሰው ብረት ዞሯል።

ስለዚህ ውርጭ ላይ የሚያድር ጠመንጃ በብርዱ እንዲቆይ ይሻላል። በዋልታ አገር ያሉ ወታደሮች መሣሪያቸውን ከድንኳን ውጭ ከልለው ጠባቂ አቁመው ያሳድራሉ። እኛ አገር ጠመንጃ ውጭ አሳድር ማለት እንደማይሆን አውቃለሁ፤ ሰውም አይሰማኝም፣ ትክክልም አይደለም። የሚሆነው በጎጆው ውስጥ ከእሳቱ በጣም የራቀውን ቀዝቃዛውን ጥግ መምረጥ ነው። እሳት ዳር ከገባ ግን መልሶ ከመውጣቱ በፊት መታከም አለበት። የክላሹ መመሪያ ከብርድ ወደ ሙቀት የገባ ጠመንጃ ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ቆይቶ፣ ካላበው በኋላ እንዲጸዳ ያዛል። ሳያልበው ብትጠርገው በላዩ ሌላ ውሃ ይቋጠርበታል፤ ላቡን ትተህ ብትረሳው ደግሞ ዝገቱም በረዶውም ያንተ ነው። ከሁሉ የሚከፋው በአንድ ሌሊት ደጋግሞ ማስገባትና ማስወጣት ነው።

ጋቢውንም ልጥቀስ፤ ማንም አያስበውምና። ደጋ ላይ ጥበቃ የቆመ ሰው ጠመንጃውን ጋቢው ሥር አቅፎ ይይዛል። እጁም ይሞቅለታል፣ ጠመንጃውም ከአመዳይ ይጠለላል። ነገር ግን የሰውነቱ ሙቀትና ትንፋሹ እዚያው ሥር ይታፈናል፣ ብረቱም ያልበዋል፤ ጋቢውን ሲገልጠው ውርጩ ያገኘዋል። የጥጡ ብናኝም በዘይቱ ላይ ይለጠፋል። ከቃታ ክፍል ውስጥ በመቆንጠጫ ያወጣሁት የጋቢ ክር ትንሽ አይደለም። ለዚህ የሚሻለው ከላይ በሸራ መጋረድ ነው።

ቁልቁለትም ብቻውን ጠመንጃ እንዲያልበው ያደርጋል። ከጎህ በፊት ከጉጉፍቱ ተነስቶ፣ በደሴ አልፎ፣ ሐረጎን ወርዶ ረፋድ ላይ ኮምቦልቻ የሚደርስ መኪና ላይ የተጫነ ጠመንጃ እሳት ሳያይ ውሃ ይቋጥራል። ኮምቦልቻ ሲደርስ ፈትቶ መጥረግ ያስፈልጋል። ይህን ያላደረገ ክፍል ሳጥኑን ከሳምንት በኋላ ሲከፍት የሚያገኘው ዝገት ነው።

ስለ ብረት መሰበር ሰው ብዙ ይጠይቃል። ከዜሮ በታች 30 እና 40 ዲግሪ ላይ አንዳንድ ብረት መሰባበር ይቀናዋል። መርፌ፣ ቀለሃ ነቃይ ጥፍርና ሞላ ከሌላው ቀድመው የሚሄዱት ያኔ ነው፤ መትረየስም እስኪሞቅ ድረስ በዝግታ የሚተኮሰው ለዚህ ነው። በወሎ ብርድ ግን ብረት አይሰበርም። ደጋ ላይ የተሰበረ መርፌ ካየህ አርጅቶ ነው፤ ብርዱን አትክሰሰው። አፈሙዝ ውስጥ የገባ በረዶ ወይም ጭቃ ግን የትም አገር አደገኛ ነው፣ በርሜል ያፈነዳል። አፈሙዙን ሸፍኖ መያዝ፣ ከመተኮስ በፊትም ጥይት አውጥቶ ማየት ግዴታ ነው።

ጥይት በብርድ ዝቅ ብሎ ይመታል የሚባለውም እውነት ነው። የቀዘቀዘ ባሩድ ቀስ ብሎ ስለሚነድ፣ በኮሪያው ዓይነት ብርድ ጥይቱ እንደ ባሩዱ ዓይነት በሰከንድ 20 ወይም 30 ሜትር ፍጥነት ሊያጣ ይችላል። ቀዝቃዛ አየርም ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ የበለጠ ይይዘዋል። በኛ ደጋ ግን ከፍታው ይህን ይክሰዋል። 3,500 ሜትር ላይ ያለው አየር ጥግግቱ ባሕር ዳርቻ ካለው 70 በመቶ ገደማ ነው፤ ጥይቱን ብዙም አይይዘውም። ቆላ ላይ የተስተካከለ ማነጣጠሪያ ደጋ ሲወጣ ሩቅ ዒላማ ላይ ወደ ላይ የሚያስተው ለዚህ ነው። በቅርብ ርቀት ልዩነቱ አይታወቅም።

በአያትህ ታሪክ ውስጥ ብዙ ሰው የሚያልፈው ሌላ ነገር አለ። እጅ ነው። በኮሪያው ብርድ ባዶ እጅ ብረት ላይ ይለጠፋል፤ ቆዳ ይዞ ይቀራል። ወፍራም ጓንት ያጠለቀ ጣት ደግሞ ቃታ ውስጥ አይገባም። የደነዘዘ እጅ ካዝናውን እስከ መጨረሻው ሳይገፋ ይተወዋል፤ መቀባበያውን ግማሽ ስቦ ይለቀዋል። እኔ ጠዋት ጠዋት «ነከሰ» ተብለው ከመጡልኝ ጠመንጃዎች ብዙዎቹ ምንም አልነበረባቸውም፤ ካዝናቸው በወጉ አልገባም ነበር። ወታደሩን ግን ተቆጥቼ አላውቅም። ጣቱን ሳየው ሰማያዊ ነው። ለኃላፊዎች ደጋግሜ የምናገረው የነበረው ከዘይት በፊት ጓንት፣ ከጓንትም በፊት የጥበቃ ፈረቃ ማሳጠር እንደሚያስፈልግ ነው፤ ዛሬም የምለው ይህንኑ ነው። በሁለት ሰዓት የሚቀየር ሰው ካዝናውን በትክክል ያስገባል። እነዚያ የቃኘው ሰዎች በዚያ ብርድ ተዋግተው አንድም ሰው ሳይማረክባቸው መመለሳቸውን ሳስብ፣ ጠመንጃ ማጽዳታቸውን ብቻ ሳይሆን እርስ በርስ እጅ ለእጅ ሲያሟሙቁ ማደራቸውንም አብሬ አስባለሁ፤ ካነጋገርኳቸው አባቶች የሰማሁት ነውና።

አጎትህ «ብርድ ክላሽ አያስቆምም» ያለው ለምን እንደሚመስለው አሁን ይገባሃል። የክላሽ መዝጊያና ፒስተን አንድ ላይ የተያያዘ ከባድ ብረት ነው፤ በሐዲዱ ላይ ሰፋ ያለ ክፍተት ስላለው ትንሽ አሸዋም ትንሽ በረዶም ጥሶ ያልፋል። ስለዚህ ሌላ ጠመንጃ የሚቆምበትን ብዙ ነገር ችሎ ይሄዳል። ችግሩ ይህ ችሎታው ባለቤቱን ማዘናጋቱ ነው። ሳይጸዳ ይተኮሳል፣ ሳይጸዳ እንደገና ይተኮሳል፤ አንድ ቀን ጥላሸቱና ግሪሱ ሲደመሩ ውርጩ ላይ ቀጥ ይላል። ለአጎትህ በእጁ የሚረጋገጥ ነገር ስጠው። ያገለገለበትን የዘይት ዓይነት በትንሽ ቆርቆሮ አድርጎ ታኅሣሥ ውስጥ አንድ ሌሊት ውጭ ያሳድረው፤ ጎህ ሲቀድ ዘንበል አድርጎ ይየው። ወዲያው ከፈሰሰ ለደጋ ይሆናል። በቆርቆሮው ግድግዳ ላይ ተጣብቆ ከቀረ አይሆንም።

ካላስቸገረህ አንድ ነገር እጠይቅሃለሁ። አያትህ ከኮሪያ ያመጡት ፎቶ ካለ ጠመንጃውን ልብ ብለህ እየው። እንጨቱ እስከ አፈሙዙ ሊደርስ ጥቂት የቀረው፣ ከቃታው ፊት ለፊት ወደ ታች የወጣ ካዝና የሌለው ረጅም ጠመንጃ ከሆነ ጋራንድ ነው። አጭር ሆኖ ከቃታው ፊት ትንሽ ቀጭን ካዝና የተንጠለጠለበት ከሆነ ካርባይን ነው። ካርባይን ከነበረ «እምቢ አለን» ያሉት ያለ ምንም ጥርጥር ይገባኛል። ጋራንድ ከነበረ ደግሞ እሱን እንኳ ለማስቆም የበቃ ብርድ አይተዋል ማለት ነው። ያኔ በየትኛው ዙር እንደዘመቱና የት ግንባር እንደነበሩ ጽፈህ ላክልኝ፤ ስለዚያ ግንባር የማውቀውን እጨምርልሃለሁ።